የቅኔ ቤት፤ ጀማሪ ባለቅኔን የሚያሳድግ ማኅበር

ባለቅኔ በተፈጥሮ ይገኛል እንጂ በትምህርት አይወጣም የሚል አስተያየት በብዙ አገር ይሰማል። በኢትዮጵያ የሚገኙት የቅኔ ቤቶች ግን ከዚህ አስተያየት ጋር አይስማሙም። በእነዚህ ቤቶች ዘንድ የተፈጥሮ ስጦታ የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ዳሩ ግን ስጦታ ያለው ልጅ ብቻውን ተቀምጦ ባለቅኔ ይሆናል ተብሎ አይታሰብም። ቅኔ የሚማር ሰው ከመምህር እግር ሥር፥ ከብዙ ጓደኞች መካከል ገብቶ፥ በየቀኑ አዲስ ቅኔ እየቈጠረ፥ የቈጠረውንም በሰው ፊት እየተናገረና እየታረመ ዓመታት ያሳልፋል። ስለዚህ የቅኔ ቤት ትምህርት ቤት ከመሆኑም በላይ፥ ባለቅኔ ለመሆን የሚመኙ ወጣቶች እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው።

እስከ ዛሬ ስለ ቅኔ ከተጻፈው ብዙው የሚመለከተው ተፈጽሞ የወጣውን ቅኔ ነው። ኢጣልያዊው ሊቅ ኢግናጽዮ ጉይዲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. የግእዝ ቅኔዎችን ሰብስቦ አሳትሟል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1918 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔ የተባለውን ትልቅ ስብስብ ለአንባብያን አቅርበዋል። እነዚህ ሥራዎች ብዙ የሚጠፋ ነገር አድነዋል። ነገር ግን በመጽሐፍ ላይ የደረሰው ቅኔ የታረመ ቅኔ ነው። ከመታረሙ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ ማን እንዳረመው፥ የታረመበትም ተማሪ በማግሥቱ ለምን ሌላ ቅኔ ይዞ ተመልሶ እንደ መጣ ከመጽሐፉ አይገኝም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይልቁንም ይኸንን የመጨረሻውን ጥያቄ መመርመር ነው። በየቀኑ ማለት በሚቻል አኳኋን ሥራው የሚፈርስበት ወጣት ሥራውን ሳይተው እንዲቈይ የሚያደርገው ምንድር ነው?

፩፤ ቅኔ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ያለው ስፍራ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የትምህርት ሥርዓት ልጅ በመጀመሪያ በንባብ ቤት ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ይደግማል። ቀጥሎ ዜማ ቤት፥ ከዚያም ቅኔ ቤት ይገባል፤ በመጨረሻም በመጽሐፍ ቤት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ይማራል። ሁሉም ተማሪ ይኸንን ቅደም ተከተል በሙሉ አይጠብቅም፤ ብዙዎችም ከመንገድ ይቀራሉ። የሆነ ሆኖ የግእዝን ሰዋስው ጠንቅቆ ሳያውቁ ወደ ትርጓሜ መግባት ስለማይቻል፥ የቅኔ ቤት ወደ ከፍተኛው ትምህርት የሚያስገባ በር ሆኖ ይቈጠራል።

ትውፊት የቅኔን መጀመሪያ አንዳንድ ጊዜ ለቅዱስ ያሬድ፥ አንዳንድ ጊዜም ለዮሐንስ ገብላዊ ይሰጣል፤ ከቀደሙት የቅኔ ሊቃውንት መካከልም ተዋነይ ስሙ ዘወትር ይነሣል። ከጊዜ በኋላ በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፥ በወሎ ደግሞ ዋድላ እያንዳንዳቸው የቅኔ መንገድ ስም ሆኑ። አንድ ተማሪ «የዋሸራ ነኝ» ወይም «የዋድላ ነኝ» ሲል የተማረበትን አገር ብቻ ሳይሆን፥ ቃል የሚመርጥበትንና ምሥጢር የሚያገባበትን ልማድ መናገሩ ነው።

ቅኔ ዓይነቱ ብዙ ነው። ጉባኤ ቃና 2 ቤት፥ ዘአምላኪየ 3 ቤት፥ ሚበዝኁ 3 ቤት፥ ዋዜማ 5 ቤት፥ ሥላሴ 6 ቤት፥ መወድስ 8 ቤት አለው፤ ሌሎችም አሉ። ጀማሪ በጉባኤ ቃና ይነሣና ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ይወጣል። ይኸ አሠራር ራሱ የሚያስተውሉት ነገር ነው። ጀማሪው ገና በመጀመሪያው ወራት ሁለት ቤት ብቻ ያለው፥ ነገር ግን በራሱ ፍጹም የሆነ ቅኔ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ከትልቁ ቅኔ ተቈርሶ የተሰጠው ልምምድ አይደለም፤ አጭር ይሁን እንጂ ሊቃውንቱ በቤተ ክርስቲያን ከሚያቀርቡት ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው።

የቅኔ ዋና ጠባይ ሰምና ወርቅ ይባላል። ስሙ የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ስለ ክርስቶስ መቀበርና መነሣት ሊናገር ቢፈልግ፥ ገበሬ ዘር ይዞ ወደ እርሻው እንደ ወጣ፥ ዘሩም በአፈር ተሸፍኖ ሰንብቶ እንደ በቀለ አድርጎ ሊናገር ይችላል። ገበሬው፥ ዘሩና እርሻው ሰም ናቸው፤ መቃብሩና ትንሣኤው ወርቅ ነው። ሁለቱ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ ካልተያያዙ ግን ቅኔው አይቆምም። ከዚህም በላይ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም፥ የሌላውንም ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው አንድ ነገር መታሰብ ይገባዋል። ግእዝ ዛሬ የማንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። የባለጸጋም ልጅ ቢሆን የድኻ፥ በቤቱ አማርኛ የሚናገር ቢሆን ትግርኛ ወይም አገውኛ፥ ቅኔ ቤት ሲገባ ሁሉም በቋንቋው እንግዳ ነው። በአባት ቤት የተለመደ የንግግር ማማር ለቅኔ ቤት ብዙ አይጠቅምም። ይኸ የጋራ እንግድነት ለማኅበሩ መሠረት ነው፤ አንዱ በሌላው ስሕተት ሲሥቅ ትናንት እርሱ ራሱ ያንኑ ስሕተት እንደ ተሳሳተ ያውቃልና።

፪፤ ተማሪ እንዴት እንደሚገባና በምን እንደሚኖር

የቅኔ ተማሪ በልማድ ከትውልድ አገሩ ርቆ ይሄዳል። በቅርብ መምህር ቢኖርም እንኳ ዘመድ ከሚያገኘው ስፍራ መራቅን ይመርጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በአገሩ የተቀመጠ ልጅ ለእርሻ፥ ለከብት ጥበቃ፥ ለሠርግና ለልቅሶ ይፈለጋል፤ ወላጆቹም በናፍቆት ይመልሱታል። ብዙ ልጆችም ያለ ወላጅ ፈቃድ ጠፍተው እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተማሪው ወደ ማኅበሩ ሲገባ ከዘመድ ተለይቶ ነው፤ ማኅበሩም የዘመድን ስፍራ መተካት አለበት።

ዕቃው ጥቂት ነው። ከበግ ቈዳ የተሠራ ደበሎ ይለብሳል፤ የለመነውን እህል የሚይዝበት አኩፋዳ በትከሻው ያነግታል፤ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይይዛል። በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ጎጆ ይሠራል፥ ወይም ከቀደሙት ጎጆ ይጠጋል። ለመምህሩ የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ በገንዘብ ፈንታ እንጨት ይለቅማል፥ ውኃ ይቀዳል፥ በእርሻ ወራትም ይረዳል። መምህሩን ሁሉም «የኔታ» እያለ በአንቱታ ይጠራዋል።

ምግቡ የሚገኘው በልመና ነው። ተማሪው በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ትርጓሜውም «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። ባለቤቲቱ ቍራሽ እንጀራ፥ ቈሎ ወይም ጥሬ ትሰጠዋለች። «የቈሎ ተማሪ» የተባለውም ስለዚህ ነው። በአንድ ጎጆ የሚያድሩት ያገኙትን አቀራርበው ይበላሉ፤ የታመመ ወይም እግሩን ውሻ የነከሰው ቢኖር የጓደኞቹ አኩፋዳ ይመግበዋል።

ይኸንን ልማድ ተራ ልመና አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የባለጸጋውም ልጅ ይለምናል፤ በአባቱ ጎተራ የሚመካ ተማሪ በጓደኞቹ ዘንድ አይከበርም። በሁለተኛው ደረጃ መንደሩ የሚሰጠው ለአንድ ለሚያውቀው ልጅ አይደለም፤ ስሙን ለማያውቀው፥ ነገ ወደ ሌላ አገር ለሚሄድ፥ ለተማሪነቱ ነው። የምትሰጠው ሴት የራሷ ልጅ ወይም ወንድም በሌላ አገር በሌላ ሴት ደጅ ቆሞ ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ግእዝ የማታውቀው ባላገር ሴት በግእዝ ለሚገጠመው ጥበብ ዋና ደጋፊ ሆና ኖራለች። የቅኔ ቤት ማኅበር ወሰኑ የጎጆዎቹ አጥር አይደለም፤ በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ይጨምራል። እህል የጠፋ እንደ ሆነ ተማሪው ይበተናል፤ ጉባኤውም ይታጠፋል።

፫፤ የዕለቱ ሥራ

የሰዓቱ አከፋፈል ከደብር ደብር ቢለያይም፥ ሥራው በሦስት ነገሮች ይጠቃለላል፤ እነርሱም መስማት፥ መቍጠርና መናገር ናቸው።

መስማት ማለት መምህሩ የሚናገረውን ቅኔ መቀበል ነው። ተማሪዎች ተሰብስበው ሳሉ መምህሩ የዕለቱን በዓል ወይም ያሰበውን ታሪክ ይዞ ቅኔ ይናገራል፤ ያለ ዝግጅት ከአፉ ሲያወጣው «ዘረፈ» ይባላል። ከዚያም ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ያስረዳል፤ ግሡን ያረባል፤ አገባቡን ያሳያል። ጀማሪው አብዛኛውን ላይረዳው ይችላል፤ የሆነ ሆኖ የቅኔው መልክና ድምፅ በጆሮው ይቀመጣል።

መቍጠር ማለት ራስ ቅኔን ማበጀት ነው። ለዚህ ተማሪው ከጓደኞቹ ይለያል። ከዛፍ ሥር፥ ከወንዝ ዳር፥ ከመቃብር ቤት አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ደበሎውን ተከናንቦ ያስባል። በብራና ወይም በወረቀት አይጽፍም፤ ቃላቱን በአእምሮው እያነሣና እየጣለ ልካቸውን ይመዝናል። ከሩቅ ሲያዩት ያንቀላፋ ይመስላል። መንደርተኛውም ይኸንን አቀማመጥ ስለሚያውቅ ቅኔ የሚቈጥር ተማሪን አያውክም።

መናገር ማለት የተቈጠረውን ቅኔ ለሚያርም ሰው ማቅረብ ነው፤ ሥራውም ነገራ ይባላል። ጀማሪው በቀጥታ ወደ መምህሩ ላይቀርብ ይችላል፤ ከእርሱ የቀደሙ፥ እንዲያስነግሩ የተሾሙ ተማሪዎች አሉና በመጀመሪያ ለእነርሱ ይናገራል። እነርሱ የግሡን ስሕተት፥ የባለቤቱንና የተሳቢውን መፋለስ፥ የቤቱን መርዘምና ማጠር ያቃኑለታል። የሰሙና የወርቁ መጋጠም፥ የምሥጢሩም ጥልቀት የሚመዘነው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይኸም በተለይ የመምህሩ ድርሻ ነው።

የእርማቱን ጠባይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መምህሩ «ይኸ መጥፎ ነው» ብሎ አይተወውም፤ የተበላሸውን ቤት ነቅሎ ሌላ ቤት በስፍራው ይተክላል፤ ተማሪውም የታረመውን መልሶ ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ ከተማሪው ቅኔ የሚቀረው አንድ ቃል ወይም አሳቡ ብቻ ይሆናል። ይኸ ሁሉ የሚደረገው ሌሎቹ ተማሪዎች እየሰሙ ነው። ስለዚህ ሃያ ተማሪ ባለበት ጉባኤ እያንዳንዱ ተማሪ በአንድ ቀን የራሱን አንድ እርማት ብቻ ሳይሆን የሃያውን እርማት ይማራል። ከጓደኛው ስሕተት የሚያገኘው ትምህርት ከራሱ ስሕተት ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ኀፍረት ሳይዘው በረጋ ልብ ይሰማዋልና።

፬፤ እርማቱ ተማሪውን ስለምን አያሸሸውም

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በዘመናችን ጽሑፍ የሚጀምር ወጣት አንድ ጊዜ በሰው ፊት ቢነቀፍ ብዙ ጊዜ ብዕሩን ይጥላል። የቅኔ ተማሪ ግን ከዚያ የጠነከረ እርማት በየዕለቱ ሲወርድበት ይቈያል። የተማሪው ጽናት ብቻውን ይኸንን አይገልጸውም፤ ከማኅበሩ አሠራር የሚመነጩ አራት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው፥ የሚወድቀው ሥራ የአንድ ቀን ሥራ መሆኑ ነው። ቅኔ በየዕለቱ አዲስ ስለ ሆነ የዛሬው ቢፈርስ ነገ ሌላ ይቈጠራል። ተማሪው ዓመታት የደከመበትን አንድ ድርሰት ይዞ አይቀርብም፤ ስለዚህም በአንድ ፍርድ ሁለንተናው አይፈረድበትም። ያልተጻፈ መሆኑም ይረዳል፤ የወደቀ ቅኔ በአየር ላይ ይቀራል፥ ማንም አያስቀምጠውም። የሚታወሰው የተሳካው ነው።

ሁለተኛው፥ የሚያርመው ሰው ራሱ ታራሚ መሆኑ ነው። አስነጋሪው ለጀማሪው ፈራጅ ቢሆን ለመምህሩ ተማሪ ነው፤ ጀማሪውን ባረመበት ቀን የራሱ መወድስ በጀማሪው ፊት ሊፈርስበት ይችላል። መምህሩም ቢሆን የሌላ መምህር ተማሪ እንደ ነበረ ሁሉም ያውቃል፤ ከማን እንደ ተማረም ይነገራል። ከእርማት በላይ የሆነ ሰው በማኅበሩ ውስጥ የለም።

ሦስተኛው፥ የሚያርሙትና የሚታረሙት አንድ እንጀራ መብላታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ በቅኔው የሣቀበት ጓደኛው ማታ ቍራሹን ያካፍለዋል፥ በብርድ ጊዜ ደበሎውን ያጋራዋል። ፍርዱ ለቅኔው እንጂ ለሰውየው እንዳልሆነ በቃል መናገር አያስፈልግም፤ ኑሮው ያስረዳል። በማያውቁት ሰው መነቀፍና አብሮ ባደረ ሰው መታረም በልብ ላይ የሚያደርጉት ሥራ የተለያየ ነው።

አራተኛው፥ ምስጋናም እንደ እርማቱ በግልጽ መሰጠቱ ነው። ቅኔው የሠመረ እንደ ሆነ የሚሰሙት «ይበል! ይበል!» ይላሉ። ይኸ ቃል በቀላሉ አይወጣም፤ ስለዚህም ዋጋ አለው። በዓል በመጣ ጊዜ ተማሪው በቤተ ክርስቲያን በሊቃውንትና በሕዝብ ፊት ቅኔ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል። ከጎጆው ውጭ የመጀመሪያውን «ይበል» የሰማ ተማሪ የብዙ ወራት ድካሙን ይረሳል፤ ጓደኞቹም ይኰራሉ፥ በዚያ ቅኔ ውስጥ የሁሉም ጆሮ አለበትና።

ከእነዚህ ከአራቱ የሚታየው አንድ ነገር ነው። እንጀራው፥ ጆሮውና እርማቱ በአንድ ላይ ታስረዋል። እርማት ያለ አብሮ መኖር ጭካኔ ይሆናል፤ አብሮ መኖርም ያለ እርማት ወዳጅነት ብቻ ሆኖ ይቀራል፥ ባለቅኔ አያወጣም።

፭፤ የማኅበሩ ጉድለት

የቅኔ ቤትን ኑሮ ማሳመር ለእውነት አይጠቅምም። ተማሪው ይራባል፤ ቅማልና እከክ ያስቸግሩታል፤ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ጥግግት ባለው ጎጆ ብዙ ሰው ይጎዳል። ቀዳሚው ተማሪ አዲስ ገቡን ከሚገባው በላይ የሚያሠራበት ጊዜ አለ። ቅናትም አይጠፋም፤ በአንዱ መንገድ የተማሩት የሌላውን መንገድ ቅኔ እንደ ዋዛ የሚንቁበት ክርክር የታወቀ ነው። አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን አብሾ የሚጠጡ ተማሪዎች እንዳሉ ዘወትር ይነገራል፤ ይኸ ተክል መርዝነት ያለው መሆኑና የሰውን አእምሮ የሚያውክ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በአብሾ መታመኑ ራሱ ተማሪው በጓደኞቹ መካከል ወደ ኋላ እንዳይቀር ያለበትን ፍርሃት ያሳያል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የሴቶች አለመኖር ነው። ከአገር አገር መዞር፥ በየደጁ መለመንና በጎጆ ማደር ለወንድ ልጅ የተፈቀደ ኑሮ ሆኖ ስለ ኖረ፥ ሴት ልጅ ስጦታ ቢኖራትም በሩ ተዘግቶባት ቈይቷል። በጎጃም ቅኔ ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ለዚህ የታወቁ ልዩ ምሳሌ ናቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ ሳይሰደዱና ሳይለምኑ በቤታቸው ሊሰሙና ሊታረሙ ችለዋል፤ በኋላም ብዙ ወንዶች ከእርሳቸው ተምረዋል። የእርሳቸው ታሪክ ሴቶችን ያጎደለው የአእምሮ ማነስ ሳይሆን ወደ ጉባኤው የሚያደርስ መንገድ ማጣት እንደ ሆነ ያስረዳል።

፮፤ ከቅኔ ቤት ውጭ የታየው ፍሬ

አንድ ተማሪ ከዓመታት በኋላ በመምህሩ ፊት ቅኔን በየዓይነቱ ተናግሮና ዘርፎ ያስመሰክራል፤ ተመርቆም ወደ ትርጓሜ ይሄዳል፥ ወይም ራሱ ጉባኤ ይዘረጋል። ብዙዎች ግን በሌላ ሥራ ይሰማራሉ፤ ከእነርሱም መካከል የአማርኛን ሥነ ጽሑፍ ያሳደጉ ሰዎች ወጥተዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን የደረሱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በጎጃም የቅኔ ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ በመጽሐፋቸውም የተማሪን ኑሮ ገልጸዋል። መንግሥቱ ለማ ደግሞ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ቃል ሰብስበው መጽሐፈ ትዝታ በሚል ስም በ1959 ዓ.ም. አሳትመዋል። ይኸ መጽሐፍ ስለ ቀድሞው ዘመን ተማሪ ቤት ከባለቤቱ አፍ የተገኘ ብርቅ ምስክር ስለ ሆነ፥ የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሁሉ ሊያነበው ይገባል። ስለ ትምህርቱ ሥርዓት አለቃ እንባቆም ቃለ ወልድ የጻፉትም በመንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታትሟል።

በከተማ የተነሡት አዳዲስ ማኅበሮች የቅኔ ቤትን ሥራ በከፊል ተክተዋል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ተመሠረተ። በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ግጥም ያነቡ ነበር፤ በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ያነበበው «ደኻው ይናገራል» የተባለው ግጥም ብዙ ሰው ያነጋገረ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ወጣቱ ሰሚ አገኘ፤ ይኸም ትልቅ ነገር ነው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። የኮሌጅ ቀን በዓመት አንድ ጊዜ የሚውል በዓል ነበረ፤ ለመድረኩ የሚበቃው ግጥም ተጠናቆ ይመጣል፥ ሕዝቡም ያጨበጭባል ወይም ዝም ይላል። ቅኔ ቤት ግን በዓሉም አለው፥ ከበዓሉ በፊት ያለው የዘወትር ነገራም አለው። ለጀማሪ የሚያስፈልገው ይልቁንም ሁለተኛው ነው።

፯፤ የዛሬው ሁኔታና መደምደሚያ

የቅኔ ቤቶች ዛሬም አልጠፉም፤ የቆሙበት መሠረት ግን ተለውጧል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ መምህራንና ደብሮች ይተዳደሩበት የነበረው የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀረ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በገጠር በመስፋፋቱ ቀድሞ ቅኔ ቤት ይገባ የነበረው ልጅ ሌላ መንገድ አገኘ። ከተማው ሲሰፋና የኑሮ ውድነት ሲጨምር «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ድምፅ የሚያውቅ ደጅ አነሰ። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጉባኤያት ተማሪዎቻቸውን በአንድ ግቢ ሰብስበው ከምእመናን በሚገኝ ርዳታ ይመግባሉ።

ልመናው መቅረቱን የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። ተማሪውን ትሑትና ጠንካራ ያደረገው ረኀቡ ነው ይላሉ። ይኸ አስተያየት መመርመር አለበት። ከላይ እንደ ታየው ልመናው ሁለት ነገር ያደርግ ነበረ፤ ሆድን ይሞላል፥ የባለጸጋንና የድኻን ልጅም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። ሁለቱም በሌላ መንገድ ሊገኙ ይችላሉ፤ በአንድ ግቢ አብረው ከአንድ ምግብ የሚበሉ ተማሪዎች ይኸንኑ እኩልነት አያጡም። የተራበ ልጅ ስለ ተራበ ብቻ ባለቅኔ አልሆነም፤ ነገር ግን ረኀቡን የሚያውቁ ጓደኞች ቅኔውንም ስለ ሰሙለት ታግሦ ቈየ። ስለዚህ ረኀቡ ቢቀር ጉዳት የለበትም። ጉዳት የሚሆነው ነገራው ቢቀር ነው፤ ይኸውም ተማሪዎች ተዘጋጅቶ የተጻፈ ቅኔ ብቻ እያጠኑ የራሳቸውን የማይቈጥሩ፥ በጓደኛቸው ፊትም ቆመው የማይታረሙ ቢሆኑ ነው።

ለተመራማሪዎችም ከዚህ የሚከተል ሥራ አለ። ድምፅ መቅረጫ ይዞ በበዓል ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የሠመረውን ቅኔ ነው፤ ይኸም መልካም ነው። ነገር ግን ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት፥ በመምህሩ ፈቃድ፥ በነገራው ስፍራ ተቀምጦ የወደቀውን ቅኔ፥ የአስነጋሪውን እርማት፥ የመምህሩን ምትክ ቤትና የጓደኞቹን ሣቅ አንድ ላይ ቢመዘግብ፥ እስከ ዛሬ በመጽሐፍ ያልገባውን የትምህርቱን ሥራ ያገኛል። የወደቀው ቅኔ በልማዱ እንደማይቀመጥ ስለሚታወቅ፥ የተማሪውን ስም ሳያነሡ መመዝገብ ለማኅበሩ ሥርዓት የሚገባ አክብሮት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ከዋሸራ፥ ከጎንጅና ከዋድላ መንገዶች ቢሰበሰብ ሦስቱ የሚለያዩበትን ነገር በክርክር ሳይሆን በማስረጃ ማወዳደር ይቻላል፤ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ለሚጽፉ ጀማሪዎች ማኅበር ማቋቋም የሚፈልጉም ከእርሱ የሚቀዱት አሠራር ያገኛሉ።